የእርሻ መሬት ጥበቃ ክፍያ በአሜሪካ፦ መሬቱን ማሳረፍ፣ ማሻሻል ወይስ መብቱን መሸጥ?

አንዱ ባለመሬት ማሳውን ጦም አሳድሮ በየዓመቱ ከመንግሥት ቼክ ይቀበላል። አጠገቡ ያለው ማረሱን ሳያቋርጥ ለአጥርና ለከብት ውኃ ማጠጫ ገንዘብ ተሰጥቶታል። ሦስተኛው ደግሞ ጠቀም ያለ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ተቀብሎ መሬቱ ለዘላለም ለቤት ሥራ እንዳይሸነሸን ፈርሟል። ሦስቱም «የጥበቃ ክፍያ አገኘሁ» ይላሉ፤ የፈረሙት ውል ግን ምንም አይመሳሰልም።

በአሜሪካ ገጠር መሬት የገዛ ወይም የወረሰ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያነጻጽረው «በኤከር ስንት ይከፍላል?» እያለ ነው። ጥያቄው የተሳሳተ ነው። አንዱ ክፍያ ኪራይ፣ ሌላው የሥራ ወጪ መጋሪያ፣ ሌላው የመብት ሽያጭ ዋጋ ስለሆነ በኤከር ቢሰላም አይገጣጠምም። ማነጻጸር የሚገባው ሦስት ነገር ነው፦ ውሉ ሲፈረም መሬቱን የሚያርሰው ማን ይሆናል፣ መሬቱ ለስንት ዓመት ይታሰራል፣ ሐሳብ ቢቀየር ምን ያህል ይመለሳል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አንድ ኤከር 0.4 ሄክታር ገደማ ነው፤ በእኛ አገር ልማድ አንድ ጥማድ ተኩል ያህል ይሆናል።

ሁለት ቢሮ፣ አራት ፕሮግራም

በአብዛኛው የገጠር ካውንቲ የግብርና ሚኒስቴሩ ማለትም የዩኤስዲኤ አገልግሎት ማዕከል አለ፤ ካልሆነም የጎረቤት ካውንቲው ማዕከል ያገለግላል። በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት መሥሪያ ቤቶች ይቀመጣሉ። ኤፍኤስኤ የሚባለው የእርሻ መዝገብ፣ የክፍያና የውል ቢሮ ነው፤ መሬት የሚያሳርፈው ሲአርፒ የእሱ ነው። ኤንአርሲኤስ የሚባለው የአፈርና የውኃ ባለሙያዎቹ ቢሮ ነው፤ የሥራ ወጪ የሚጋራው ኢክዊፕ፣ ሙሉ እርሻን የሚያሻሽለው ሲኤስፒ እና መብት የሚገዛው ኤሴፕ የእሱ ናቸው። ለኤንአርሲኤስ ክፍያም ቢሆን መነሻው ኤፍኤስኤ ነው፤ መሬቱ እዚያ የእርሻ ቁጥርና የትራክት (የቁራሽ መሬት) ቁጥር ሳይኖረው ማመልከቻው አይራመድም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጉዞ ወደ ኤፍኤስኤ ነው። የባለቤትነት ሰነዱን፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ወይም የድርጅት የታክስ ቁጥርን፣ የባንክ ሒሳብ መረጃን፣ መሬቱ በኩባንያ ስም ከሆነ ደግሞ የማቋቋሚያ ሰነዱንና ፈራሚው ሥልጣን እንዳለው የሚያሳይ ወረቀት ይያዙ። እዚያ የሚሞሉት ዋና ዋና ቅጾች ኤዲ-1026፣ ሲሲሲ-902 እና ሲሲሲ-941 ናቸው። የመጀመሪያው በጣም ተሸርሻሪ መሬት ያለ ጥበቃ ዕቅድ እንደማያርሱና ረግረግ አጠንፍፈው ሰብል እንደማይዘሩ የሚያረጋግጡበት ነው፤ ይህ ግዴታ ከ1985ቱ የምግብ ዋስትና ሕግ ጀምሮ የነበረ ሲሆን መጣሱ ክፍያን ያስቆማል። ሁለተኛው መሬቱ እንዴትና በማን እንደሚሠራ የሚገልጽ ነው። ሦስተኛው አማካይ ዓመታዊ ገቢዎ ከ900,000 ዶላር እንደማይበልጥ የሚያረጋግጥ ነው።

ከጓደኛ ጋር ተሽርከው በኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ በተወሰነ ኩባንያ) የገዙ ሰዎች ሲሲሲ-901 የሚባለውንም ይሞላሉ፤ በእሱ ላይ እያንዳንዱ አባል ከነድርሻው ይዘረዘራል። የክፍያ ጣሪያው በአባል እየተከፋፈለ ስለሚቆጠር አንድ ሸሪክ ቅጹን ሳይሞላ ቢቀር የእሱ ድርሻ ተቀንሶ ነው የሚከፈለው። ዋሽንግተን ከተማ እየኖረ መሬቱ ሦስት ሰዓት መንገድ የሚርቅበት ሰው ኤፍኤስኤ-211 በሚባለው የውክልና ቅጽ ሌላ ሰው እንዲፈርምለት ማድረግ ይችላል።

የመኖሪያ ሁኔታም ይጠየቃል። ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው እንደ ውጭ አገር ሰው አይቆጠርም። ከዚያ ውጭ ያለ ሰው ግን ክፍያ ለማግኘት ከመሬቱና ከገንዘቡ ሌላ ራሱ በጉልበቱ በስፋት መሥራቱን ማሳየት ይጠበቅበታል። መሬቱን ሲገዛም በ1978ቱ ሕግ መሠረት በ90 ቀን ውስጥ ለኤፍኤስኤ ማስታወቅ አለበት፤ አለማስታወቅ እስከ መሬቱ የገበያ ዋጋ 25 በመቶ ያስቀጣል። ከጥበቃ ክፍያ ጋር ባይያያዝም የሚታወሰው ብዙውን ጊዜ ለክፍያ ሲሄዱ ስለሆነ እዚህ ጠቀስነው።

ሲአርፒ፦ መሬቱን ለመንግሥት ማከራየት

ሲአርፒ በ1985 የተጀመረ ነው። ባለመሬቱ ሰብል ማምረቱን ትቶ ማሳውን በሣር፣ በዛፍ ወይም በአበባማ ዕፅዋት ይሸፍናል፤ መንግሥት ከ10 እስከ 15 ዓመት ኪራይ ይከፍላል። ሽፋኑን ለመትከል ከሚወጣው ወጪ እስከ ግማሽ ይጋራል። ዓመታዊው ኪራይ ለአንድ ሰው ከ50,000 ዶላር አይበልጥም፤ የሚለቀቀውም ከጥቅምት ወር መጀመሪያ በኋላ ነው።

ሁለት ዋና መግቢያ በር አለው፤ የትኛው እንደሚመለከትዎት ካላወቁ ቢሮው ውስጥ ብዙ ጊዜ ይባክናል። አጠቃላይ ምዝገባ የሚባለው በማስታወቂያ ሲከፈት ብቻ የሚገባበትና ውድድር ያለበት ነው፤ ሙሉ ማሳ ለማሳረፍ የሚያገለግለው እሱ ነው። ተከታታይ ምዝገባ የሚባለው ውድድር የለበትም፤ እንደ ወንዝ ዳር ዛፍ፣ የሣር ማጣሪያ መቀነት፣ ሣር የለበሰ የጎርፍ መውረጃ ላሉ ትንንሽ ግን ጠቃሚ ቦታዎች የታሰበ ነው። በ2018ቱ የእርሻ ሕግ የመጀመሪያው የኪራይ ጣሪያ የካውንቲው አማካይ የኪራይ መጠን 85 በመቶ፣ የሁለተኛው 90 በመቶ ሆኗል። በተከታታይ ምዝገባ ላይ የፊርማና የሥራ ማበረታቻ ክፍያም ሊጨመር ይችላል። ሕጉ ጊዜው ካለፈ በኋላ በማራዘሚያ ስለቆየና የአገር አቀፉ ስፋትም ጣሪያ (27 ሚሊዮን ኤከር) ስላለው በዚያ ዓመት በሩ ክፍት መሆኑን ከሁሉ አስቀድመው ይጠይቁ።

ብቁ ለመሆን አመልካቹ ምዝገባው ከመዘጋቱ በፊት መሬቱን ቢያንስ ለ12 ወር በባለቤትነት ወይም በአራሽነት የያዘ መሆን አለበት። በውርስ የመጣ መሬት ከዚህ ነፃ ነው። መሬቱ ደግሞ የሰብል ታሪክ ያስፈልገዋል፤ በ2018ቱ ሕግ ከ2012 እስከ 2017 ካሉት ስድስት ዓመታት በአራቱ የተዘራ መሆን አለበት። ብዙዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ሃያ ዓመት ድርቆሽ ወይም ግጦሽ ሆኖ የቆየ ኮረብታ «ባዶ መሬት» መስሎ ቢታይም ለአጠቃላይ ምዝገባ አይገባም። ወንዝ የሚያዋስነው ግጦሽ ግን ያለ ሰብል ታሪክ ለወንዝ ዳር ሥራ ሊገባ ይችላል። ሌላው ገደብ ደግሞ በአንድ ካውንቲ ውስጥ ከሰብል መሬቱ ከ25 በመቶ በላይ በሲአርፒና በረግረግ ውል እንዲያዝ አለመፈቀዱ ነው፤ የዘር መደብሩና የእህል ገዢው ሥራ እንዳይሞት የታሰበ ነው።

በአጠቃላይ ምዝገባ ላይ ማመልከቻው በነጥብ ይወዳደራል፦ ለዱር እንስሳት፣ ለውኃ ጥራት፣ ለአፈር መሸርሸር፣ ለአየር፣ ለጥቅሙ ዘላቂነትና ለዋጋ። የአፈሩን ነጥብ መቀየር አይቻልም፤ ማሳው ካለበት ቦታ ጋር የመጣ ነው። በእጅዎ ያሉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ የዘር ዓይነት ነው፤ አንድና ሁለት መጤ ሣር ብቻ ከመዝራት ብዙ አገር በቀል ሣርና አበባ መቀላቀል ነጥብ ይጨምራል። ሌላው ዋጋ ነው፤ ከተፈቀደው ጣሪያ ዝቅ ያለ ኪራይ የጠየቀ ሰው ብልጫ ያገኛል። የእኛ ምክር በዘሩ እንዲበረቱና ኪራዩን ጥቂት ብቻ ዝቅ እንዲያደርጉ ነው፤ የዘር ወጪ ግማሹ ይጋራል፣ ያነሰ ኪራይ ግን እስከ ውሉ መጨረሻ ይከተልዎታል።

ሲአርፒ የሚበላሸው ወረቀት ላይ ሳይሆን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ማሳው ላይ ነው። ያገር በቀል ሣርና አበባ ዘር ደቃቅ ነው፤ ከሩብ ኢንች ጥልቀት በታች ከገባ ብዙው አይወጣም። በተራ የስንዴ መዝሪያ የሚዘሩ ሰዎች ዘሩን ቀብረው ሲያበቁ «ዘሩ መጥፎ ነው» ይላሉ። ጸጉራም ዘር የሚያወርድ ሳጥን ያለው መዝሪያ ያስፈልጋል፤ በአንዳንድ ካውንቲ የአፈርና ውኃ ጥበቃ ዲስትሪክቱ ያከራየዋል። ሲገዙ ክብደቱን ሳይሆን ንጹሕና ሕያው የሆነውን የዘር መጠን ይዩ፤ ዕቅዱ የሚለካው በእሱ ነው። ባለፈው ዓመት በቆሎ ላይ የተረጨው የአረም መድኃኒት አፈር ውስጥ ቆይቶ አበቦቹን ሊገድል ስለሚችል ተከራዩ ምን እንደረጨ አስቀድመው በጽሑፍ ይቀበሉ። አበባ የበዛበት ድብልቅ ብዙ ጊዜ በክረምት፣ መሬቱ ሲቀዘቅዝ ቢዘራ ይሻለዋል፤ አንዳንዱ ዘር ብርድ ሳያልፍበት አይነቃም። ዘሩ ከታመነ ቦታ መምጣቱንም ያጣሩ፤ በ2016 አዮዋ ውስጥ ለንብና ለቢራቢሮ ተብለው በተዘሩ የጥበቃ ማሳዎች ላይ ፓልመር አማራንት የተባለው አስቸጋሪ አረም ከዘር ጋር ተቀላቅሎ ገብቶ ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት አረሙ ከዘሩ በላይ ይነግሣል፤ ይህ የተለመደ ነው። መፍትሔው ከፍ አድርጎ ደጋግሞ ማጨድ ነው። ሽፋኑ ከያዘ በኋላ ግን በወፎች መራቢያ ወቅት ያለ ፈቃድ ማጨድ የውል ጥሰት ነው፤ ቀኖቹ በየስቴቱ ይለያያሉ። «ግቢዬ እንዲያምር» ብሎ በሰኔ የሚያጭድ ባለመሬት ከሁሉ የተለመደው ጥፋተኛ ነው። ድርቆሽ ማጨድና ማስጋጥ የሚፈቀድበት ሥርዓት አለ፤ በድርቅ አደጋ ጊዜ ካልሆነ ግን የዚያ ዓመት ኪራይ 25 በመቶ ይቀነሳል።

በስቴትና በፌዴራል መንግሥት ስምምነት የሚሠራ ክሬፕ የተባለ የሲአርፒ ቅርንጫፍም አለ። ሜሪላንድ በ1997 የመጀመሪያዋ ነበረች፤ ቨርጂንያም አላት፤ የሁለቱም ዋና ዓላማ ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ የሚወርደውን ውኃ ማጥራት ነው። ስቴቱ በፌዴራሉ ላይ የራሱን ገንዘብ ስለሚጨምር ወንዝ ያለው መሬት በእነዚህ ስቴቶች ሲገኝ ከተራው ሲአርፒ በፊት ክሬፕን መጠየቅ ነው።

ኢክዊፕ፦ ለተሠራ ሥራ ብቻ

ኢክዊፕ የ1996ቱ የእርሻ ሕግ ያመጣው ነው። መሬቱ ማምረቱን ይቀጥላል፤ የሚከፈለው ለተወሰነ ሥራ ነው፦ አጥር፣ የከብት ውኃ ማጠጫና ቧንቧ፣ የሽፋን ሰብል፣ ሣር የለበሰ የጎርፍ መውረጃ፣ የላስቲክ ቤት፣ የፍግ ማከማቻ፣ የመስኖ ማሻሻያ። ውሉ እስከ 10 ዓመት ሊደርስ ቢችልም ብዙው አጭር ነው። ክፍያው ከሥራው ግምታዊ ዋጋ እስከ 75 በመቶ ይሄዳል። ለጀማሪ ገበሬ፣ ገቢው ውስን ለሆነና ለቀድሞ ወታደር ገበሬ እስከ 90 በመቶ ሊደርስ ይችላል።

ጀማሪ ማለት እርሻ ሲያንቀሳቅስ ከ10 ተከታታይ ዓመት ያልበለጠው ነው። ባለፉት ጥቂት ዓመታት መሬት የገዛ አብዛኛው የእኛ ሰው እዚህ ውስጥ ይገባል፤ ቅጹ ላይ ምልክት ባለማድረግ ብቻ ብዙ ዶላር ይቀርበታል። ሲፒኤ-1200 በሚባለው ማመልከቻ ላይ ይህን ሳይጠቁሙ አይፈርሙ። በኤልኤልሲ ከሆነ አባላቱ ሁሉ ጀማሪ መሆን አለባቸው፤ ሠላሳ ዓመት ያረሰ አንድ ሸሪክ ካለ ለሁሉም ይቀራል። ጀማሪ ገበሬ ከክፍያው ቢያንስ ግማሹን አስቀድሞ መጠየቅም ይችላል፤ ገንዘቡ ግን በ90 ቀን ውስጥ ለዚያው ሥራ መዋል አለበት፣ የተረፈው ይመለሳል።

ኢክዊፕን ከሁሉ በላይ የሚያበላሹት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ቀድሞ መጀመር ነው። ውሉ ሳይፈረም የተተከለ አጥር አይከፈልም፤ «አመልክቻለሁ፣ ተቀባይነት ማግኘቴ አይቀርም» ብሎ ቆፋሪ መጥራት ገንዘቡን መሬት ውስጥ መቅበር ነው። ሁለተኛው ክፍያው በደረሰኝ የሚሰላ መስሎ መታየቱ ነው። የሚከፈለው አስቀድሞ በወጣ ተመን፣ በአንድ ፊት (በአንድ ጫማ ርዝመት)፣ በኤከር ወይም በአንድ ዕቃ ነው። ለስሌት ያህል ተመኑ ለአንድ ፊት 2 ዶላር ከ50 ቢሆንና 2,000 ፊት አጥር ቢታጠር ክፍያው 5,000 ዶላር ነው፤ አጥር ሠሪው ለአንድ ፊት 4 ዶላር ካስከፈለ 3,000 ዶላሩ የእርስዎ ነው። ስለዚህ ውሉን ከመፈረምዎ በፊት ከሁለት ተቋራጭ ዋጋ ይቀበሉና ከተመኑ ጎን ያስቀምጡት። ሦስተኛው መስፈርት ነው። እያንዳንዱ ሥራ ቁጥርና ዝርዝር መመሪያ አለው፤ አጥር 382፣ የሽፋን ሰብል 340፣ የከብት ውኃ ገንዳ 614 ነው። የቧንቧው ጉድጓድ ሳይታይ አፈር ከተመለሰበት ጥልቀቱን ማረጋገጥ ስለማይቻል እንደገና ሊያስቆፍር ይችላል። ባለሙያው በየትኛው ደረጃ ላይ መጥቶ ማየት እንዳለበት በጽሑፍ ይያዙ።

ማመልከቻ ዓመቱን ሙሉ ይቀበላሉ፤ ነጥብ የሚሰጠው ግን ስቴቱ በሚያወጣው የመቁረጫ ቀን ነው። በዚያ ቀን የኤፍኤስኤ ወረቀቱ ያልተሟላለት ወደ ሚቀጥለው ዙር ይተላለፋል። ውሉ ከተፈረመ በኋላ ቢያንስ አንዱ ሥራ በ12 ወር ውስጥ መጠናቀቅ አለበት። ገንዘቡ ከገባ በኋላም ግዴታው አያበቃም፤ የሽፋን ሰብል ዕድሜው አንድ ዓመት ሲሆን አጥር 20 ዓመት፣ ሣር የለበሰ የጎርፍ መውረጃ 10 ዓመት መጠበቅ አለበት።

ሲኤስፒ፦ ደህና ለያዘ፣ የተሻለ እንዲይዝ

ይህ የአምስት ዓመት ውል ነው፤ ሙሉውን እርሻ ይመለከታል፣ አንድን ማሳ ለይቶ ማስገባት አይቻልም። አመልካቹ ሲገባ ቢያንስ በሁለት የጥበቃ ጉዳዮች (ለምሳሌ በአፈርና በውኃ) መስፈርቱን ማሟላት፣ ሲወጣ ደግሞ ቢያንስ አንድ ተጨማሪ ላይ መድረስ አለበት። የተጎሳቆለ መሬት ለገዛ ሰው መነሻው እሱ አይደለም፤ ሁለት ሦስት ዓመት በኢክዊፕ ሠርቶ ከዚያ ወደ ሲኤስፒ መሻገር የተሻለ ቅደም ተከተል ነው። ትንሽ እርሻ ያለውም አይናቅ፤ ዓመታዊው ዝቅተኛ ክፍያ 4,000 ዶላር ሆኖ ከፍ ስላለ የ12 ኤከር አትክልተኛ በኤከር ቢሰላለት የማያገኘውን ያገኝበታል። ራሱ ለማያርስ፣ መሬቱን አከራይቶ ለሚኖር ግን እምብዛም አይመችም።

ኤሴፕ፦ የማይመለሰው ፊርማ

በ2014ቱ ሕግ ሦስት የቀድሞ ፕሮግራሞች ተዋሕደው የተፈጠረው ኤሴፕ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው የእርሻ መሬት ኢዝመንት ነው፤ ባለመሬቱ መሬቱን ሸንሽኖ የመሸጥና ቤት የመሥራት መብቱን ይሸጣል፣ ማረሱንና መሸጡን ይቀጥላል። ገዢው ኤንአርሲኤስ ሳይሆን የመሬት ትረስት (መሬት የሚጠብቅ ድርጅት)፣ ስቴት ወይም የአካባቢ መስተዳድር ነው፤ ኤንአርሲኤስ ከኢዝመንቱ ተገቢ የገበያ ዋጋ እስከ ግማሽ፣ ልዩ ዋጋ ላላቸው የሣር መሬቶች እስከ 75 በመቶ ያዋጣል። ቀሪው ከትረስቱ፣ ከስቴቱ ወይም ባለመሬቱ በስጦታ መልክ ከሚተወው ዋጋ ይሞላል። ስለዚህ አጋር ድርጅት ሳያገኙ ማመልከት አይቻልም።

ሁለተኛው የረግረግ መሬት ነው። በዘላለማዊ ውል የኢዝመንቱ ዋጋ በሙሉ፣ ከመልሶ ማቋቋሚያው ወጪም ከ75 እስከ 100 በመቶ ይከፈላል፤ በ30 ዓመት ውል ሁለቱም ከ50 እስከ 75 በመቶ ይሆናሉ። መሬቱን ቢያንስ 24 ወር የያዙት መሆን አለበት። በየዓመቱ ውኃ የሚተኛበትና ሦስት ጊዜ ተዘርቶ ሁለቴ የሚጠፋ ማሳ ላለው ሰው ከዚህ የተሻለ ሽያጭ አናውቅም።

የዘላለሙን ውል ከመፈረም በፊት ከልጆች ጋር መነጋገር የግድ ነው፤ ውሉ የሚያስረው ሰውየውን ሳይሆን መሬቱን ስለሆነ ወራሽም ገዢም ይገዛበታል። ባንኩም ይጠየቃል፦ መሬቱ በብድር የተያዘ ከሆነ አበዳሪው የብድር መብቱ ከኢዝመንቱ ኋላ እንዲሆን ካልፈረመ ነገሩ እዚያው ይቆማል። ለወደፊት ቤት የሚሠራበት ሁለት ሦስት ኤከር ከውሉ ውጭ ለይቶ ማስቀረት ከፊርማ በፊት ቀላል ነው፤ ከፊርማ በኋላ አይሞከርም።

በአንድ መሬት ላይ ሲሰላ

ቨርጂንያ፣ ሮኪንግሃም ካውንቲ፣ ሸናንዶዋ ሸለቆ፤ የዶሮና የከብት አገር ነው። 100 ኤከር መሬት እናስብ፦ 60 ኤከር ደልዳላ ማሳ ለተከራይ የተሰጠ፣ 15 ኤከር አፈሩ የሚታጠብ ተዳፋት፣ 25 ኤከር ደግሞ መካከሉን 1,500 ፊት ርዝመት ጅረት የሚያቋርጠው ግጦሽ። ዋጋዎቹን ለስሌት ያህል ያስገባናቸው ስለሆኑ በካውንቲዎ ዋጋ ይተኳቸው።

ከተዳፋቱ እንነሳ። የካውንቲው የኪራይ መጠን 100 ዶላር ቢሆን የአጠቃላይ ምዝገባ ጣሪያ 85 ዶላር ነው፤ ለ15 ኤከር በዓመት 1,275፣ በ10 ዓመት 12,750 ዶላር። ሽፋኑን መዝራት በኤከር 200 ዶላር ቢፈጅ ጠቅላላው 3,000፣ የባለመሬቱ ግማሽ 1,500 ነው። አረም መርጨትና ማጨድ በኤከር 15 ዶላር በየዓመቱ ቢያስወጣ 2,250 ይሆናል። የሚተርፈው 9,000 ነው፤ በኤከር በዓመት 60 ዶላር። ተከራዩ ለተዳፋቱ 60 ዶላር የሚከፍል ከሆነ ሲአርፒ ምንም አልጨመረም፤ 40 ከሆነ ግን ጨምሯል፣ አፈሩም ተርፏል። የኤፍኤስኤ ደብዳቤ ላይ ካለው 85 ዶላር ይልቅ ይህን ቁጥር ነው ከተከራዩ ጋር ማስተያየት።

መውጫውስ? ስድስት ዓመት ኪራይ ተቀብለው ቢያፈርሱ 7,650 ዶላር ኪራይ፣ 1,500 የተጋሩት ወጪ፣ ወለዱና የአንድ ዓመት ኪራይ 25 በመቶ ማለትም 319 ዶላር ገደማ ይመለሳል። በአምስት ዓመት ውስጥ ለመሸጥ ወይም ቤት ለመሥራት የሚያስብ ሰው ሲአርፒ ውስጥ ባይገባ ይሻላል።

ወደ ጅረቱ እንሂድ። የወንዝ ዳር ዛፍ ሥራ፣ በኤፍኤስኤ ቁጥሩ ሲፒ-22፣ በየጎኑ 35 ፊት ስፋት ቢይዝ የሚወጣው መሬት 2.4 ኤከር ብቻ ነው። ኪራዩ በኤከር 90 ዶላር ቢሆን በዓመት 217 ዶላር፤ ለምሳ አይበቃም የሚባል ዓይነት ነው። ጥቅሙ ግን ኪራዩ አይደለም። ከብቶቹ ጅረቱን ስለሚለቁ 3,000 ፊት አጥር፣ ጉድጓድ፣ ቧንቧና ገንዳ ያስፈልጋቸዋል፤ የዚህ ወጪ ግማሹ በሲአርፒ ይጋራል፣ በክሬፕ ስቴቱ ይጨምርበታል። የሸናንዶዋ ሸለቆ የአፈርና ውኃ ጥበቃ ዲስትሪክትም ለዚሁ ሥራ የስቴት ገንዘብ ያስተናግዳል። ለአንድ አጥር ከሁለት ቦታ ሙሉ ክፍያ መቀበል አይቻልም፤ ማን ምኑን እንደሚከፍል ሁለቱ ቢሮዎች በአንድ ወረቀት ላይ እንዲያስቀምጡ ይጠይቁ። ጎርፍ የሚያዘወትረው ጅረት ከሆነ ውኃው በሚያልፍበት ቦታ ላይ በቀላሉ የሚለቅ የጎርፍ በር እንዲኖር ያድርጉ፤ አጥሩን ጎርፍ ሲወስደው መልሶ ማቆም የባለመሬቱ ግዴታ ነው። ለዛፎቹም ሦስት ዓመት ክትትል ያስፈልጋል፦ የተጋደሙ የመከላከያ ቱቦዎችን ማቃናት፣ በችግኝ መካከል ማጨድ፣ አይጥ ሥር እንዳይበላ ሣሩን ከግንዱ ማራቅ።

60 ኤከሩ ደልዳላ መሬት ሲአርፒ ውስጥ ባይገባ ይመረጣል። ጥሩ አፈር ነው፣ ተከራይም አለው። ተከራዩ የሽፋን ሰብልና ያለ ማረስ መዝራት በኢክዊፕ ቢይዝበት ክፍያው ሥራውንና ወጪውን ለሚሸከመው ለእሱ ነው፤ ባለመሬቱ የሚያተርፈው የተሻለ አፈርና ረዘም ያለ የኪራይ ውል ነው። ለኢክዊፕ ተከራዩ እስከ ውሉ ፍጻሜ መሬቱ በእጁ እንደሚቆይ ማሳየት ስላለበት የአንድ ዓመት የቃል ኪራይ አይበቃውም። በሌላ በኩል ተከራይን ለሲአርፒ ሲባል ማስወጣት የተከለከለ ነው። መሬቱን ሲያርስ የነበረው ሰው የውሉ ተካፋይ የመሆን ዕድል ሳይሰጠው የቀረበ ማመልከቻ ውድቅ ይሆናል።

ግብር

የሲአርፒ ኪራይና የኢክዊፕ ክፍያ ገቢ ነው፤ በጥር 1099-ጂ የሚባል ቅጽ ይመጣል። የሲአርፒ ኪራይ ላይ የራስ ሥራ ግብር ይጨመር አይጨመር የሚለው ያከራክራል። የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ወይም የአካል ጉዳት አበል የሚቀበል ሰው ከ2008ቱ ሕግ ወዲህ ነፃ ነው። ራሱ ገበሬ ላልሆነ ባለመሬት በ2014 የስምንተኛው ወረዳ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ኪራይ ብቻ ነው ብሎ ቢወስንም ኢንተርናል ሬቨኑ ሰርቪስ ውሳኔውን አልቀበልም ብሏል። የከተማ የግብር ሠራተኛ ይህን ላያውቅ ስለሚችል የእርሻ ግብር የሚሠራ ሰው ይፈልጉ። ከወጪ መጋሪያው ውስጥ የተወሰነው በታክስ ሕጉ አንቀጽ 126 ከገቢ ሊወጣ የሚችልበት ሁኔታም አለ። የካውንቲውን የንብረት ግብር በተመለከተ በቨርጂንያ በመንግሥት የጥበቃ ውል ሥር ያለ መሬት ለእርሻ ግምገማ (በገበያ ዋጋው ሳይሆን በእርሻ ጥቅሙ ለሚገመት ግብር) ብቁ ሊሆን ይችላል፤ ካውንቲው የእርሻ ግምገማውን የተቀበለ መሆኑንና የአምስት ኤከሩ ዝቅተኛ መጠን መሟላቱን ያረጋግጡ።

ውል ያለበት መሬት ሲገዛና ሲሸጥ

የሚሸጥ የገጠር መሬት ማስታወቂያ ላይ «የሲአርፒ ገቢ አለው» ተብሎ ሲጻፍ መጠየቅ ያለበት የውሉ ማብቂያ ቀን ነው። ገዢው በ60 ቀን ውስጥ የውሉ ተተኪ ሆኖ ካልፈረመ ውሉ ይፈርሳል፤ የተከፈለውን የመመለሱ ዕዳ የሚወድቀው ሻጩ ላይ ነው። ስለዚህ ሻጭ ከሆኑ ገዢው ውሉን እንደሚወርስ የሽያጭ ሰነዱ ውስጥ ያስጽፉ። ገዢ ከሆኑ የሲአርፒ-1 ውሉን ቅጂ፣ የጥበቃ ዕቅዱንና የማሳውን ካርታ ከሽያጩ መዝጊያ ቀን በፊት ይቀበሉ፤ ማሳው ላይም ወጥተው ሽፋኑ በትክክል መኖሩን ይዩ፣ ፊርማው ካለፈ በኋላ ያልበቀለውን ሣር የመዝራት ግዴታ የእርስዎ ነው።

ውሉ ሊያበቃ አንድ ሁለት ዓመት የቀረው መሬት ለጀማሪ ገበሬ የተለየ ዕድል አለው። ትራንዚሽን ኢንሴንቲቭ በተባለው ፕሮግራም የሲአርፒ ባለመሬት ውሉ የሚያልቅበትን መሬት ለጀማሪ ወይም ለቀድሞ ወታደር ገበሬ ከሸጠ ወይም በረጅም ጊዜ ካከራየ መንግሥት ሁለት ተጨማሪ ዓመታዊ ኪራይ ይከፍለዋል። መሬት ፈላጊው ይህን አንስቶ ቢደራደር ሻጩ ዋጋ ለመቀነስ ምክንያት ያገኛል። በየካውንቲው ውላቸው የሚያበቃ መሬቶች መኖራቸውን የኤፍኤስኤ ቢሮው ያውቃል፤ ፈላጊ መሆንዎን ለቢሮው ያስመዝግቡ።